የሁለት ሰው የይለፍ ቃል

እናታቸው በሞተች በወሩ እህትና ወንድም አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ተፋጠጡ። እሷ የማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስትለቅም ትውላለች፣ ወንድሟንም በዚያው በቀይ እስክሪብቶ ዓይን ታየዋለች። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ነገር የማይከብደው። እናትየው ታማ በተኛችባቸው ወራት እህት የቀዳችው ድምፅ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ነበር። የእናት አፍ ደግሞ አያርፍም፤ ልጇን በመጠጡም በትዳሩም ስትወርፈው ተቀድታለች። ይህን ከሰማ ያጠፋዋል ብላ እህት እንቅልፍ አጣች።

ስለዚህ ፎልደሩ ይመስጠር አለች። የይለፍ ቃሉን ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እሱ ይጽፋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። መጀመሪያ እሱን ወደ ግድግዳ አዙራ ጻፈች። ተራው የሱ ሲሆን እሷም ዞረች፤ በቁልፎቹ ድምፅ ፊደሎቹን እንዳትቆጥር ጆሮዋን ሳይቀር ደፈነች። ወንድም በሳቅ ፈረሰ፤ ባንክ ልንዘርፍ ነው እንዴ አላት። ኮምፒውተሩ ድገሙ ሲላቸውም እንደዚያው ደገሙት።

ከዚያ በኋላ ወንድም እየደወለ፣ የእማዬ ድምፅ ናፍቆኛል፣ ልምጣና አብረን እንስማ ይላል። እሷ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች፣ ሌላ ቀን ራሴን አሞኛል። ልቧ የሚለው ግን ሌላ ነበር፤ አንዴ ከተከፈተለት ሰርዞት ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለች ስድስት ዓመት ነጎደ። በሰባተኛው ሾፌሩ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የሱን ግማሽ ፍለጋ ገባች። ከራሷ ግማሽ ቀጥላ የልደቱን ቀን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የልጆቹን ስም ሞከረች፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ የወንድሟ ሚስት ዘንድ ሄደች፤ ነግሮሽ ይሆን ብላ ጠየቀቻት።

"ምንም አልጻፍኩም ነው ያለኝ። እሷ የጻፈችው ይበቃል፣ እህቴ አይደለች እንዴ አለ። የምታውቂ መስሎኝ ነበር።"

እህት ቤቷ ገብታ የራሷን ግማሽ ብቻ ጻፈች፤ ተከፈተ። አፈረች። የመጀመሪያውን ቅጂ ስትከፍት እናቷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

"ወንድምሽ የት ሄደ? ጥሪውና ይምጣ፣ ያለሱ አልጀምርም።"

ቀጥሎ የመጣው የራሷ ድምፅ ነበር።

"እሱን ተይው እማዬ፣ ለኔ ንገሪኝ።"