በአቶ አሰግድ ስም የተጻፈው አባቴ

ሸዋ ሮቢት ያለውን የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ ያደራጀሁት እኔ ናፊሳ ሙሳ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ላይ የማሰፍረው ሌላ ቦታ ተጽፎ ስለማይገኝ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውስ ማን ይሰማኛል። ሥራው የይፋትን ታሪክና ባህል ማስተዋወቅ ነው ይባላል፤ እኔም በኮንትራት የተቀጠርኩት ለዚያ ነበር።

የተረከብኩት ድረ ገጽ ሳይሆን የዕቃ ክምር ነበር። የብሎግ መጻፊያ ሲስተም ነው፤ የይለፍ ቃል ያለው ሁሉ የመጣለትን ሲለጥፍበት ኖሯል። የስብሰባ ፎቶ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት፣ ደግሞ ሌላ የስብሰባ ፎቶ። አዲሱ ከላይ አሮጌው ከታች እየተከመረ፣ ስለ ይፋት የተጻፈ አንድ ቁም ነገር ቢኖር እንኳ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

ከየት እንደምጀምር ግራ ሲገባኝ መላውን የሰጠኝ አባቴ ነው። አባቴ ሙሳ፣ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ደላላ ነው፤ አሁን ዓይኑ ደክሞ ከቤት አይርቅም። ለዒድ ሄጄ ስለ ሥራዬ ሳጫውተው፣ ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝና፣ ሲገባው ገበያ ነው በይኛ አለ። ከዚያ የጥንቱን የአሊዩ አምባ ገበያ፣ ከአባቱ እንደሰማው፣ ተራ በተራ አስዞረኝ። ጨው ተራ ግመሎቹ በሚራገፉበት በታችኛው ጥግ። ጥጥ ተራ ከሸማኔዎቹ አጠገብ። ቆዳ ተራ ሽታው ሰው እንዳያስመርር ነፋሱ ይዞት በሚሄድበት በኩል። እንግዳ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ የሚፈልገው ጋ ካልደረሰ ያ ገበያ አይባልም አለኝ።

ተመልሼ እንደነገረኝ አደረግሁ። የዕለት ወሬውን ከቋሚው ለየሁ፤ ስብሰባውና ጨረታው በብሎጉ በኩል ይውረድ፣ ታሪኩ ግን የራሱ ገጽ ይኑረው አልኩ። «የይፋት ገበያዎች» የሚል ዋና ገጽ ከፈትኩ። በሥሩ አሊዩ አምባን አስገባሁ፣ በአሊዩ አምባ ሥር ደግሞ ጨው ተራን፣ ጥጥ ተራን፣ ቆዳ ተራን። ማውጫውን የነካ ሰው ራሱን ገበያው መሀል ያገኘዋል። እያንዳንዱን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከርዕሱ ሥርም ስሜ ነበር። «ጨው ተራ» የሚለው ገጽ የሚጀምረው «አባቴ ሙሳ እንደነገረኝ» ብሎ ነው። ይቺን መስመር ያዙልኝ።

አባቴ በሕይወቱ ስሙ ተጽፎ ያየው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። በስልክ ሳነብለት እስከ መጨረሻው ከሰማኝ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት የለም።

ከዚያ አቶ አሰግድ ኃላፊ ሆነው መጡ። የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ የሮቢትን ሙቀት አልቻሉትምና የቢሮውን ቬንትሌተር ወደ ራሳቸው ብቻ አዙረው ይቀመጣሉ፤ ሌላው ሰው ላቡን እየጠረገ ያናግራቸዋል። ድረ ገጹን ሳሳያቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የኃላፊው መልእክት የት አለ? «ስለ እኛ» ከሚለው ሥር መሆኑን ነገርኳቸው። ከነፎቶው ወደ ፊት ይምጣ አሉ። ሰው የሚገባው ገበያውን ፈልጎ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ክርክሬ እንደ ጥጋብ ተቆጠረ። ፎቶው የመጀመሪያውን ገጽ ሞላው፤ ገበያው ወደ ታች ወረደ። ኮንትራቴ ሲያልቅ ደግሞ በጀት የለም ተባለ። በጀት ሲጠፋ ማን አብሮ እንደሚጠፋ በኮንትራት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ጋ የእንግዳ መቀበያ ሥራ አገኘሁና የደሴ መንገደኛ ሳስተናግድ መዋል ጀመርኩ። ለአባቴ አታስብ፣ ጽሑፋችን እዚያው አለ አልኩት። እሱም ያንን ይዞ በየቀኑ ወደ ኑረዲን ሱቅ በር ይወጣል። ኑረዲን ጎረቤታችን ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ያነብለታል፤ የመጣ ገበያተኛ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የሙሳን ልጅ ጽሑፍ ሰምቶ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ኑረዲን ሲከፍተው ከርዕሱ ሥር የእኔ ስም የለም። የጸሐፊው ስም አሰግድ ይላል፤ የደብረ ሲናው ኃላፊያችን መሆናቸውን ደግሞ ከእኔ ሰምተዋል። ዝቅ ሲል ደግሞ ያው «አባቴ ሙሳ እንደነገረኝ» አለ። ሱቁ በር ላይ የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባ ሙሳ፣ ደብረ ሲና የወለዱትን ልጅ እስከ ዛሬ ደብቀውን ኖረዋል አሉት፤ እናቲቱ ማን ትሆን ብለው ተከራከሩበት። አባቴ ቀልድ አዋቂ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱም ጨምሮ ይመልስላቸው ነበር። የዚያን ቀን ግን በትሩን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ደወለልኝ።

«ልጄ፣ የሰው ሥራ የእኔ ነው ብለሽኝ ነው?» አለኝ።

ብዙ ማለት እችል ነበር። ወላሂ የእኔ ነው ብቻ አልኩት። እሱም እሺ አለ። እሺ ሲል ግን እንዳላመነኝ ገባኝ፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

በማግስቱ ብሥራትን ከቢሮ ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት። ብሥራት የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ አብረን ምሳ የበላን ሰው። ምንም አልደበቀኝም። ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ይሰረዝ ተብሎ ታዘዘ። የእኔን ሊሰርዝ ሲል ሲስተሙ ጠየቀው፤ ይህ ሰው የጻፈው ሁሉ አብሮት ይጥፋ ወይስ ለሌላ ይተላለፍ? ልፋቴ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ይተላለፍ አለ። ለማን ሲባል ደግሞ፣ የራሱን ስም ቢመርጥ ሌባ የሚባል መሰለውና የኃላፊውን መረጠ። ረቂቆቼ ሳይቀሩ ወደ እሳቸው ስም ዞረዋል። ወደ ስሜ መልሰው ስለው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ አልነካውም አለኝ፤ ልጆች አሉኝ አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ለእኔ አስቦ ያደረገውን ሰው ምን ብዬ ልስደበው?

አቶ አሰግድ ቢሮ ገባሁ። ቬንትሌተሩ እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው ዞሯል። ያመጣኝን ነገር አስረዳሁ። በመሥሪያ ቤቱ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የተጻፈ ነገር የመሥሪያ ቤቱ ነው አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ታዲያ የእርስዎ ስም ምን ይሠራል ብላቸው፣ ሲስተሙ ያደረገውን እኔ ምን ላድርገው አሉ። ሁሉም ይቅር፣ ጥጡም ቆዳውም ለእርስዎ ይሁን፣ «ጨው ተራ» የሚለው ብቻ በስሜ ይመለስልኝ ብዬ ለመንኩ። ለአንድ ገጽ ብለን አሠራር አንጥስም አሉኝ።

ያኔ ብልጠት መሰለኝና ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩት፤ ጠረጴዛቸው ላይ አድርጌ መስመሯን በጣቴ አሳየኋቸው።

«የእርስዎ አባት ሙሳ ነው የሚባሉት?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ገጹ ላይ ስማቸው ከገባ ወዲህ ሲያነቡት ያኔ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ፊታቸው ቀላ። ረታሁ አልኩ በልቤ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ።

«ጥሩ አድርገሽ አሳየሽን፤ ይስተካከላል» አሉኝ።

እየቸኮልኩ ወጥቼ በሩ ላይ ሆኜ ለአባቴ ደወልኩ። ይስተካከላል ብለውኛል፣ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው ያሉት አልኩት። አልሐምዱሊላህ አለ። እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አለኝ። የሚቀጥለውን የገበያ ቀን ጠብቄ ከሆቴሉ ፈቃድ ወሰድኩ። ያን ዕለት የሳቁት ሰዎች ፊት፣ እዚያው ሱቅ በር ላይ እንዲነበብ ፈለግሁ። መኪና እየቀያየርኩ፣ በደብረ ሲና ዳገቱን ወጥቼ፣ በአንኮበር በኩል ቁልቁል አሊዩ አምባ ገባሁ።

አባቴ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሰዎቹን ራሱ ሰብስቧቸዋል። ስመጣ እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ፣ ይኸው ልጄ እንደማለት። ኑረዲን ስልኩን ከፈተ። ከርዕሱ ሥር አሁንም አሰግድ ይላል። ኑረዲን ቀና ብሎ አየኝ። ካየኝ በኋላ ወደ ታች ዝቅ ሲያደርገው እኔም በትከሻው በኩል አነበብኩት።

«አንድ የአካባቢው አዛውንት እንደነገሩኝ» ይላል።

ሌላው ቃል ሁሉ የእኔው ነው። ግመሎቹ፣ የታችኛው ጥግ፣ ጨው የሚራገፍበት፤ ነጥብ እንኳ አልነኩም። ያስተካከሉት በጣቴ ያሳየኋቸውን ብቻ ነው።

ኑረዲን መስመሯን ዘሎ ከግመሎቹ ሊጀምር ሞከረ። አባቴ ግን ጽሑፉን በቃሉ ያውቀዋል።

«ከመጀመሪያው» አለው።

ኑረዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው። አባቴ እጄን እንደያዘ ሰማ። አንድ አዛውንት የሚሉት ማንን ነው ብሎ ጠየቀ። ከሰዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ገበያ ረፈደብኝ ብሎ ተነሣ። ዛሬ የሳቀ አልነበረም።

እኔ መናገር ጀመርኩ፤ ስለ አካውንቱ፣ ስለ ብሥራት፣ ስለ አቶ አሰግድ። አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ተይው፣ አምኜሻለሁ» አለኝ። «ሲስቁብኝ እንኳ ያኔ ጽሑፉ ላይ አባት ነበርኩ።»

ከዚያ በትሩን ፈልጌ እንዳቀብለው ጠየቀኝ፤ አቀበልኩት፤ ወደ ቤት ገባን።