ለተማርያም ያረገዘችበት ዓመት

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም ድንጋይ ከማራስ አላለፈም። ቧንቧ ደረቀ። ጀሪካን ይዘው የወጡ ሴቶች ባዶውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ማሽላ ተወደደ። ከገጠር፣ ከሶፊ፣ የሚመጣው ጫት ቅጠሉ ቀጨጨ። የኔ እኩዮች ብዙዎቹ ሞቱ፤ እኔ ቀረሁ።

ልጄ ሽመልስ ወንድ ልጅ የተወለደለት በዚያ ክረምት ነው።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በአንዱ ቤት ሽመልስና ሚስቱ ዮዲ፣ በሌላው ታላቋ ልጄ ለተማርያምና ባሏ ሙሉጌታ ይኖራሉ። የኔ፣ የአባታቸው፣ ክፍል የግቢው በር አጠገብ ናት። ከዚያ ሆኜ የማላየው ነገር የለም።

ለተማርያም ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። በልጅነቷ መዘጋት ነበረበት፤ ያን ጊዜ አላወቅንም። አድጋ አዲስ አበባ ስትታይ ሐኪሙ ጊዜው አልፏል አለ። በሳንባዋ ያለው የደም ግፊት በጣም ጨምሯል፤ አሁን ቀዳዳው ቢዘጋ ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም። ዳገት ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ማርገዝ የለባትም ተባለ፤ መከላከያ በክንዷ ቆዳ ሥር ቀበሩላት። ሙሉጌታ ይህን አውቆ አገባት። መምህር ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ። የልጅ ነገር አንስቶባት አያውቅም። ለጎረቤት ግን ደበቅን። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ ሕመም ከግቢ አይወጣም።

ዮዲ ከሐኪም ቤት የተመለሰች ዕለት ሴቶች ለገንፎ ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን የሺ ገበታውን ወደ ለተማርያም ገፋችው።

«ቁረጪ እንጂ! ቅቤው ካለበት በኩል።»

«በቃኝ፣ እትዬ የሺ።»

«ምን በቃሽ? ሙሉጌታ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቆጣ ሊኖር ነው? የሚቀጥለው ገንፎ ያንቺ ነው፤ አሜን በይ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ያልወለደች ሴት የአራስ ገንፎ ስትቀምስ እንዲህ ትመረቃለች። በክፋት አይደለም። ለተማርያም አሜን አለች። ከፊቷ ያለውን ጠርጋ በላች።

ከዚያ ወዲህ ሕፃኑን አላቀፈችም። ሽመልስ «ነይ ያዥው» ሲላት «እጄ እርጥብ ነው» ትላለች። እጇ ደረቅ ነበር። ዮዲ ስታጠባ የለተማርያም ዓይን ወደዚያ ይሄዳል፤ መልሳ መሬት ላይ ትጥለዋለች። አንድ ቀን ዮዲ «ወተቱ በዛብኝ፣ ደረቴን አመመኝ» ብላ አማረረች። ለተማርያም የያዘችውን የሸክላ ድስት መሬት ላይ አሳረፈችው። ድስቱ ተሰነጠቀ።

መስከረም ላይ ማለዳ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ሶፊ ደርሼ መጣሁ አለች። ስትታጠብ እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ክንዷ ላይ ፕላስተር አየሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቧጭሮኝ ነው፣ አባባ።»

«ለመቧጨር ሶፊ ድረስ ሄድሽ?»

እጅጌዋን ጎትታ ሸፈነችው። የማያውቋት ዘንድ ሄዳ መከላከያውን አስወጥታዋለች። ለሙሉጌታ ነገርኩት። አለቀሰችለት፤ ሌላ አስቀብራለሁ ብላ ማለችለት። አላስቀበረችም።

ኅዳር ላይ ሜዳውም እንደ ዳገት ሆነባት። ግቢው ውስጥ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስናደርሳት አርግዛለች ተባለ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እንዳንቺ ያለ ልብና ሳንባ ይዘው ከሚያረግዙት ብዙዎቹ አይተርፉም። ጽንሱም ብዙ ጊዜ ይጨናገፋል፤ ወይ ያለጊዜው ይወለዳል። እናቶቹ የሚሞቱት በአብዛኛው ከወለዱ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ማቋረጡም አደጋ አለው፤ ግን ከመቀጠሉ ያንሳል። አዲስ አበባ፣ የልብ ሐኪሞች ባሉበት መሆን አለበት፤ በቶሎ። ውሳኔው ያንቺ ነው።»

«እወልዳለሁ» አለች ለተማርያም።

ቤት ስንመለስ ሙሉጌታ ለመናት። ሽመልስ ለመናት። እኔ መለመን አልችልበትም፤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዮዲ ስታረግዝ ይቅርብሽ ያላት የለም» አለችን።

ዮዲ ልጇን አቅፋ ገባች። እስከዚያ ቀን ድረስ እትዬ ሳትል ጠርታት አታውቅም።

«ለተማርያም፣ ስሚኝ። እኔም ባንቺ እቀናለሁ። ወንድምሽ ሲያመው የሚጠራው አንቺን ነው፤ እኔ አጠገቡ ተኝቼ። ወጥ ስሠራ የእህቴ ይጣፍጣል ይለኛል። ችዬ ኖርኩ።»

«እንግዲያ ደስ ይበልሽ። ልሞትልሽ ነው።»

«ደስ ይለኛላ! ልጅሽ ቢተርፍ ማን የሚያጠባው መሰለሽ? ወተቱ እኔ ዘንድ ነው። እማዬ የሚለው እኔን ነው። አንቺን ፎቶ ላይ አሳየዋለሁ፤ ትዝ ካለኝ።»

«ዮዲ!» አለ ሽመልስ።

«ተወኝ!»

ለተማርያም ሕፃኑን አየችው። የዮዲን ደረት አየች። ከዚያ ዓይኗን አላነሳችም።

«አንቺን እማዬ አይልሽም» አለች በመጨረሻ። «ሙሉጌታ፣ ሻንጣውን አውርድ።»

ያስነሳት የኛ ልመና አይደለም፤ ቅናት ነው። ምንም ይሁን፣ ተነሳች።

አዲስ አበባ ላይ ጽንሱ ተቋረጠ። ልቧ ደክሞ በኦክስጅን ሰነበተች። ሙሉጌታ መድኃኒት ፍለጋ ሲዞር ሽመልስ ካጠገቧ አልራቀም። አንድ ማለዳ በተከፈተው የክፍሏ መስኮት ወደ ታች አየሁ። አስታማሚ ሴቶች ቧንቧ ዙሪያ ልብስ ያጥባሉ። ሽመልስ መካከላቸው ቁጢጥ ብሎ ደም የነካው የእህቱን ልብስ ያሻል።

አንዲት ሴትዮ «አምጣ፣ የኔ ልጅ፤ ይህን ወንድ አያጥብም» አለችው።

«ይተዉኝ፣ እማማ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አልተራመድኩም። የኔን ጨርቅ ያጠበችው እሷ ናት፤ ልጅ ሆና፣ ትንፋሽ እያጠራት። ዕዳዬ ነው።»

«እንግዲያ ሳሙናውን አታባክን» አለችው ሴትዮዋ፤ ጎኗ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

ለተማርያም ከአልጋዋ ሰምታለች።

«ይለቅለታል?» አለችኝ።

«እየለቀቀለት ነው።»

«ዮዲ አስተምራው ይሆናል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሽመልስ ጨመቀው፣ አራገፈው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ከዚያ ሁለተኛውን አነሳ።