ከስቱኮው ሥር

ካቻቪቴው፣ ብረቱ ምንም ሳይታገላት፣ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ጁሀራ ለአፍታ እጇን አላንቀሳቀሰችም። ጤነኛ ብረት ሲወጉት መልሶ ይገፋል፤ ይህ ግን እንደ በሰለ ዱባ ተቀበላት። ቀስ ብላ ስትስበው ቡናማ ብናኝ ከቀዳዳው ተከትሎ ወጣና በግንባሯ፣ በሻሿ ጫፍ፣ በሸሚዟ አንገት ላይ ረገፈ።

ያለችው በሮቤ ከተማ ዳር፣ በአንድ የግል የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከራሷ በላይ የቆመው ከሮቤ በጎሮ አድርጎ ጊኒር የሚመላለስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው። የተሠራው ለጭነት ነበር፤ ሻንሲው ላይ በአገር ውስጥ ላሜራ ሠሪዎች መዶሻ ግድግዳና ጣሪያ ወጥቶለት የሰው ማመላለሻ ሆነ። ትናንት ከቀለም ቤት ወጥቷል። ነጩ እንደ ወተት ይጠራል፤ በጎኑ የተሰመረው አረንጓዴ እንደ ገብስ ቡቃያ ዓይን ይስባል። ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ፣ ለክሎዶ፣ እንዲህ አምሮ የመጣ መኪና ባየች ቁጥር ግን ጁሀራ ቀድማ የምትወርደው ወደ ሥሩ ነው።

ቀጣዩን ቋሚ ወጋች። ገባ። ከእሱ ወዲያ ያለውንም ወጋች፤ ያም ገባ። በቀኝ በኩል ግድግዳውንና ጣሪያውን የተሸከሙት የብረት ቋሚዎች እግራቸው ተበልቶ አልቋል። አንድ ሰው በቀዳዳዎቹ ላይ ስስ ላሜራ ለጥፎ፣ በላሜራው ላይ ስቱኮ ለስኖ፣ በስቱኮው ላይ ጥቁር ቀለም ነፍቶበታል። ሥራው ያምራል። ውስጡ ባዶ ነው።

የመኪናው ባለቤት ኦቦ ሙህዲን የእናቷ ወንድም ናቸው። እናቷ ስትሞት ከጎሮ አንሥተው ያመጧት፣ ከልጃቸው ከሰቢሪና ጋር በአንድ ፍራሽ ያሳደጓት፣ «ሴት ልጅ መኪና ሥር ምን ትፈልጋለች?» ያለውን ሁሉ አፉን ያስያዙላት እሳቸው ናቸው። ነገ ሰቢሪናን ለጊኒር ይድሯታል። ሙሽራዋንና አጃቢዎቿን የሚጭነውም ይኸው አውቶቡስ ነው።

የጣቢያው ኃላፊ ዘመንፈስቅዱስ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ፍሬኑ ይዟል?»

«ይዟል።»

«መሪው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትቆፍሪያለሽ?»

«ቋሚዎቹ የሉም። ጣሪያውን የያዘው ቀለሙ ነው።»

ዘመንፈስቅዱስ በአፍንጫው ሳቀ። «ባሌ ውስጥ ዝገት የሌለበት መኪና የት አለ? ሳነቴ ላይ በረዶ፣ ታች ወርደሽ ጭቃ። ለዝገት ካገድን የሚቀረን የእኔ ብስክሌት ብቻ ነው።»

«ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። በሩ ላይ ያለውን፣ የጭቃ መከላከያው ላይ ያለውን አሳልፋለሁ፤ ያውቃሉ። እሱ ቆዳ ነው። ይሄ አጥንት ነው።»

ዘመንፈስቅዱስ ክፉ ሰው አልነበረም። መኪና በታገደ ቁጥር ባለቤቶቹ «ሌላ ጣቢያ እንሄዳለን» እያሉ ሲወጡበት የሰለቸ ሰው ነበር። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ዘመድሽ አይደሉ?» አለ። «ራስሽ ንገሪያቸው።»

ሙህዲን በአጥሩ ጥግ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ከጉድጓዱ ስትወጣ አይተው ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ከራሷ በላይ ከቆመው አውቶቡስ ይልቅ ከበዳት።

«አቡያ፣ መኪናው አያልፍም» አለች አጎቷን።

«ምኑ?»

«አካሉ። ይምጡና ላሳይዎት።»

አልተነሡም። «አንቺ ሳትራመጂ ጀምሬ የነዳሁትን መኪና ለእኔ ታሳዪኛለሽ?» ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም፤ እየለመኑ ነበር። «ነገ ሰርግ ነው፣ ጁሀራ። ሰው ተጠርቷል። ከሰርጉ በኋላ አፍርሼ አሠራዋለሁ፤ ወላሂ አሠራዋለሁ።»

«ከጎሮ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ያውቁታል። አንድ ጎማ ከመንገድ ቢወጣና ቢገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ ነው የሚተኛው።»

«አታሟርቺ።»

«ማሟረቴ አይደለም። ብረቱን በእጄ ወግቼዋለሁ።»

ሙስበሃውን ጨበጡት። «ከሰው ሁሉ ይሄ ካንቺ ይምጣብኝ?»

«ከሰው ሁሉ ከእኔ ይምጣ» አለች ጁሀራ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ዘመንፈስቅዱስ ሌላውን መርማሪ ጉዲሳን ጠራው። ጉዲሳ ወደ ጉድጓዱ ሳይወርድ፣ ወደ ጁሀራም ሳያይ የማለፊያ ወረቀቱን ፈረመ። ምርመራውን ማለፉን የሚያሳየው አዲስ ቦሎ በፊተኛው መስታወት ላይ ተለጠፈ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ከግቢው ወጣ።

«ለገዛ ዘመድሽ ያልራራሽ ለደንበኛ ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ዘመንፈስቅዱስ። «ሰኞ አትምጪ።»

«እመጣለሁ» አለች። «ካቻቪቴዬንም ይዤ እመጣለሁ። ካባረሩኝ በር ላይ፣ ሰው ፊት፣ ምክንያቱን ጠቅሰው ያባርሩኝ።»

ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነበር። አዝመራው ተነሥቶ የስንዴው መሬት እስከ ተራሮቹ ግርጌ ገለባ ብቻ ሆኗል፤ ሥራ የጨረሱ ኮምባይነሮች በመንገዱ ዳር አቧራ ለብሰው ቆመዋል። ከእንግዲህ የሚጠይቃት እንደሌለ ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ ያለው የጉዲሳ ፊርማ ነው። ነገ የሰርግ ልብሷን ለብሳ፣ በመሃለኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እያጨበጨበች ጊኒር ልትገባ ትችላለች፤ ምናልባት ምንም አይደርስም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደርስም። የእሷ ሥራ ግን ይህን «ምናልባት» መውጋት አልነበረም እንዴ? ሰኞ የማታውቀውን ሰው መኪና ልታግድ፣ ዛሬ የእህቷን ልትተው? እርምጃዋን አፈጠነች።

አውቶቡሱ ለሰርጉ ከተጣለው ዳስ ፊት ለፊት፣ በሪባንና በፕላስቲክ አበባ ተሸልሞ ቆሟል። ከዳሱ ውስጥ የሴቶቹ ዘፈንና ከበሮ ይሰማል። የሙህዲን ባለቤት አዴ ሃጂራ የሥጋ ትሪ ተሸክመው ሲያልፉ አዩዋት።

«ዘገየሽ። ገብተሽ እህትሽ ጎን ተቀመጪ፤ ሂና እየቀቧት ነው።»

«እሺ አዴ። አንድ ነገር ልጨርስ።»

አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ከሾፌሩ ወንበር ሥር መዶሻ አወጣች። በመሃል ያለውን የጎማ ምንጣፍ ጫፉን ይዛ ገለጠችው፤ ከመስኮቱ ሥር ባለው የቋሚው እግር ላይ መዶሻውን በሙሉ ኃይሏ አሳረፈችበት።

የብረት ድምፅ አልነበረም። የጭቃ ግድግዳ የተመታ ያህል የታፈነ ነበር። ሁለተኛ ስትመታው ነጭ ስቱኮ እንደ ድስት ስባሪ ተገመሰ፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ ታጠፈና ወለሉን ይዞት ወረደ። በቀዳዳው ሣር ታየ። ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጋ የተቀመጠች ዶሮ ደንግጣ እየተንጫጫች ሸሸች።

ከበሮው ቆመ። ሰው ከዳሱ እየወጣ አውቶቡሱን ከበበ። ሙህዲን ሕዝቡን ከፍለው በሩ ላይ ደረሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ቡኢ» አሉ። ውረጂ።

በዚያ ቤት ባደገችበት ዘመን ሁሉ ይህን ድምፅ ሰምታ ያልታዘዘችበት ቀን አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደችና ቆመች። ሊታዘዝ የፈለገው እግሯ ነበር።

«ሂን ቡኡ፣ አቡያ» አለች። አልወርድም። «ሽማግሌ ይጥሩ፣ ፖሊስም ይጥሩ፤ ሁሉንም ቋሚ ሳልመታ አልወርድም።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «ልጅቷ አበደች» አለ። ሌላው ዝም አሰኘው። ሰቢሪና እየመጣች ነበር። ሂናው እንዳይነካካባት ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ ቀሚሷን የሚይዝላት አጥታ፣ አባቷን አልፋ ደረጃውን ወጣች። መደገፊያውን መያዝ ስላልቻለች ጁሀራ በክርኗ ያዘቻት። ሙሽራዋ በቀዳዳው ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«አባ» አለች በዝግታ፣ «እኔን ነገ ሊያስቀምጡኝ ያሰቡት የት ነበር?»

የሙህዲን ዓይን፣ ሳያስቡት፣ ከቀዳዳው አጠገብ ወዳለው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ሄደ።

ጫማቸውን ከበሩ ላይ አራግፈው ወጡ፤ በገዛ መኪናቸው ውስጥ እንግዳ ይመስሉ ነበር። ወንበሮቹን እየተደገፉ መጥተው ጁሀራ ፊት ቆሙ፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

«መዶሻውን።»

ጁሀራ እጀታውን አጥብቃ ያዘች። ቢወስዱት ምን ያደርጉበት ይሆን? ፊታቸው ምንም አይነግራትም። ሰቢሪና በትከሻዋ ነካ አደረገቻት፤ «ስጫቸው» ይሁን «እንዳትሰጫቸው» አልለየችውም።

ሰጠቻቸው።

ሙህዲን መዶሻውን በእጃቸው መዘኑት። ከተሰበረው ቋሚ አልፈው ወደ ቀጣዩ ሄዱ፤ በርከክ አሉ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው በቀስታ አንኳኩ። እሱም የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ትንፋሻቸውን ሳቡና አጠንክረው መቱት። ስቱኮው በእግራቸው ሥር ተንኮታኩቶ ወረደ።

ሽማግሌው በጉልበታቸው ላይ የተረጨውን ነጭ አቧራ አላራገፉም። ተነሡና፣ ወንበሩን እየተደገፉ፣ ወደሚቀጥለው ተራመዱ።