ከጋሽ ረታ ካፖርት ስር

ብሩክታይት ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመችው ከጥፍር ለማትበልጥ ቺፕ ነው። ቺፗ የምትገባበት ራዲዮሜትር ከራሱ ምንም አይልክም፤ ከሰውም ከደመናም የሚወጣውን ደካማ ሙቀት ዝም ብሎ ይቀበላል። መከራዋን ያበላት ኖይዝ ነበር፤ ቺፗ ከራሷ የምታወጣው ጉርምርምታ ያን ደካማ ምልክት ይውጠዋል። ትራንዚስተሮቹን ስታሳጥር፣ ስታቀራርብ፣ እንደገና ስታፈርስ ከርማ ባለፈው ሳምንት ዝም አሰኘቻት።

ዛሬ ሙከራው ወሎ ሰፈር ባለው የቢሯቸው ግቢ ነው። አለቃዋ ወንድወሰን «ደመና ለመለካት ነው» ብሏት ነበር። ቺፗን ሊገዙ የመጡት አቶ ገሰሰ ግን ወደ ሰማይ ቀና እንኳ አላሉም።

«ወደ በሩ አዙሪው እስቲ።»

በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ረታ ቆመዋል። ያ ሙቀት ጨርቅን ያልፋልና የራዲዮሜትሩ ስክሪን ላይ ካፖርታቸው ጠፋ። ገላቸው በሙቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ወገባቸው ላይ ግን ሁለት ዘንጎች እንደ ሰማዩ ጠቁረው ቆሙ። ብረት የቀዝቃዛውን ሰማይ መልክ መልሶ ያሳያል።

ብሩክታይት ዘንጎቹን አወቀቻቸው። ክረምት ላይ ደረጃ ጥሏቸው በብረት የተደገፈ ቀበቶ እንደሚያስሩ የነገሯት ለእሷ ብቻ ነው። «ወገበ ብረት ነኝ ስልሽ ውሸት መሰለሽ?» ብለው ስቀው ነበር። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው፣ «አለቃሽ ከሰማ ግን ያሰናብተኛል፤ አደራ» አሏት።

«ምን ታጥቋል?» አሉ አቶ ገሰሰ።

«ጋሽ ረታ?» ወንድወሰን ሳቀ። «ኧረ ዝንብ የማይነኩ ሰው ናቸው!»

«ኖይዝ ነው» አለች ብሩክታይት ቶሎ ብላ። «ቺፗ ገና አልጠራችም።»

ወንድወሰን ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። አቶ ገሰሰ ወደ በሩ ጮክ ብለው፣ «እስቲ ወዲህ በሉ!» አሉ። ጋሽ ረታ ፈገግ እያሉ መጡ። ዘንጎቹም አብረዋቸው መጡ።

«ኖይዝ ከሰው ጋር ይራመዳል እንዴ?» አሉ አቶ ገሰሰ።

በእያንዳንዱ እርምጃ ምስሉ እየጠራ ሄደ። የቀበቶው ዘለበቶች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ታዩ። ወንድወሰን ዘበኛውን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ጋሽ ረታ፣ ወገብዎን ታመዋል?»

ሽማግሌው ብሩክታይትን አዩዋት፤ ከዚያ ካፖርታቸውን ቀስ ብለው ቆለፉ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«በጣም ጥሩ ቺፕ ናት» አሉ አቶ ገሰሰ። የግቢውን በር ራሳቸው ሄደው ወለል አድርገው ከፈቱት። ውጭ ሰው ታክሲ ለመያዝ ይጋፋል።

«አሁን ወደ መንገዱ አዙሪው።»