አላነጠስኩም እኮ

ራዲዮ የሚሏት ልጅ እንጥሻዋን በክርኗ አፈነችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ትከሻዋ አንዴ ወደ ላይ ነጠረ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከጎኗ የምትሰፋው ሴት እንዳላየች ሆና የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጠች።

ቤቱ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ የጨርቅ ብናኝ እንደ ዱቄት ይቦናል። እዚህ ማነጠስና መተንፈስ አንድ ነው። ድሮ አንዷ ስታነጥስ ሌሎቹ በአንድ አፍ «ይማርሽ» ይሏታል፣ እሷም «ያኑራችሁ» ትላለች፣ ሥራው ይቀጥላል። አሁን ግን «ይማርሽ» የሚባል ቃል ከቤቱ ተባሯል። ማንም አልከለከለም፤ ሁሉም በየራሱ ነው የተወው። ምክንያቷ እዚያ ጥግ ላይ የአዝራር ሳጥን ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ናት።

እትዬ መቀስ ይሏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ የዚህ ቤት ቆራጭ ነበረች። ሌላው ይሰፋል፣ ይተኩሳል፣ ይዘመዝማል፤ በእሷ መቀስ ያላለፈ ጨርቅ ግን ወደ መኪና አይሄድም ነበር። ከዚያ ቀኝ ጡቷ ውስጥ ትንሽ እብጠት ተገኘ። ሰው ሁሉ «ያ በሽታ» እያለ ሲያድበሰብሰው እሷ ግን ካንሰር ነው ብላ ስሙን ጠራችው። ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ ጨረሩ ዓመት ፈጀ። ፀጉሯ ረገፈ፣ መልሶም በቀለ። በመጨረሻ ሐኪሟ «ጨርሰናል፤ ከእንግዲህ የምትመጪው ለክትትል ብቻ ነው» አላት። በደስታ የምትዘል መስሏት ነበር። ፈራች እንጂ አልዘለለችም። ሕክምና ላይ ሳለች በሽታውን አብሯት የሚጠብቅላት ሰው ነበር፤ አሁን ዘበኛዋ እሷው ብቻ ሆነች።

ሥራ የተመለሰች ቀን ብናኙ አፍንጫዋ ገባና አነጠሰች። ራዲዮ «ይማርሽ፣ እትዬዋ» አለቻት ከልቧ። ይህች ልጅ ራዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። እትዬ መቀስ ግን «ያኑርሽ» ማለት አቃታት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነም ለማንም አልተናገረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ በሙሉ በክርኑ ያነጥሳል።

ደግነታቸው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አለቅየው፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ «አንቺ ብቻ አትድከሚ» ብሎ የአዝራር ሳጥን አስታቀፋትና ቆረጣውን ራሱ ያዘው። ትልቁ መቀሷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሌላ ሰው አልነካውም፤ እሷም ቀና ብላ አታየውም።

ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ የወረቀት ከረጢት ታቅፋ ገባች።

«እትዬ መቀስ የሚባሉት እዚህ ናቸው?»

መርፌው እትዬ መቀስን ጣቷን ወጋት። ልጅቷን ለቅሶ ቤት አይታታለች። የጎረቤቷ ልጅ ናት።

ጎረቤት ሲባል የሰፈር አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት በሚንጠባጠብበት ክፍል ወንበራቸው ጎን ለጎን ነበር፤ «እንዴት አደርሽ፣ ጎረቤት» እየተባባሉ ነው የተዋደዱት። ሴትየዋ ቀልድ የማያልቅባት ነበረች። ጠያቂ መጥቶ ፊቱን አጨማዶ «እግዜር ይማርሽ» ሲላት ረጋ ብላ «አላነጠስኩም እኮ» ትለዋለች። ነርሶቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ሁለቱም አብረው ጀመሩ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ፣ አንድ ዓይነት ጭንቅ ተጨነቁ። አንዷ ዳነች፣ አንዷ ሞተች። እትዬ መቀስ ለቅሶ ቤት ገብታ «ነፍስ ይማር» አለች። በማግስቱ ሥራ ገባች፣ አነጠሰች፣ «ይማርሽ» ተባለች። ትናንት ለሟች ያለችውን ቃል ዛሬ ለእሷ አሉት። በሁለቱ መካከል ያለው «ነፍስ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ መሰላት። ለማንም ያልነገረችው ይህን ነው።

«ነይ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አለቻት፣ ዓይኗን ከአዝራሩ ሳታነሳ።

ልጅቷ ከከረጢቱ ብትን ጨርቅ አወጣች። ደማቅ ቢጫ ነው።

«ይሄስ ዓይን ያወጣ ቢጫ ነው» አለች ራዲዮ።

«እናቴ ናት የገዛችው» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። «ፀጉሬ ሲበቅል እለብሰዋለሁ ትል ነበር። ቅዳሜ እመረቃለሁ፤ ከጥቁሩ ጋዎን ሥር እሱን ልለብስ ፈልጌ ነው።»

አለቅየው ጠጋ ብሎ ጨርቁን በሜትር ለካ። «እናትሽን ነፍስ ይማር። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ግን ለእሷ ቁመት ነው የተገዛው፤ አንቺ ደግሞ ቀውላላ ነሽ። ስህተት አይችልም። ግድ የለም፣ እኔ እቆርጠዋለሁ።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እናቴ ግን ለእትዬ መቀስ ስጪ ነው ያለችኝ።»

«እትዬ ገና እያገገመች ነው፤ አናድክማት።»

እትዬ መቀስ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እውነቱን ነው፣ ልጄ። ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይነሳም። ጨርቅ አንዴ ከተሳተ መመለሻ የለውም፤ እናትሽ የተወችልሽ ደግሞ ይኼው ብቻ ነው። ባበላሸው ምን ይውጠኛል? ጋሼ ይቁረጥልሽ፣ ጎበዝ ነው።»

ልጅቷ ጨርቁን ቀስ ብላ ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ ቆም አለች።

«እምቢ ካሉኝ የምልዎትን ነግራኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።»

«ምን አለች?»

«‹ጎረቤት፣ ሁለታችንም አላነጠስንም› በያት አለችኝ።»

እትዬ መቀስ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ሳጥኑ ጭኗ ላይ ሲንቀጠቀጥ አዝራሮቹ ተንሿሹ፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። «ይቺ ሴትዮ ሞታም አታስቀምጠኝ» አለች። በመዳፏ ጉንጯን ጠርጋ ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ለቅሶው ላይ ስሸሽሽ ነበር። እናቴ ሞታ አንቺ እንዴት ቀረሽ የምትይኝ መስሎኝ። እሷ ሞታ እኔ መዳኔ ያሳፍረኛል፣ ልጄ።»

«እኔማ መንገዱን ሁሉ ስፈራ የመጣሁት» አለች ልጅቷ፣ «እርስዎንም በሕይወት አላገኝዎትም ብዬ ነው።»

እትዬ መቀስ ይህንን መልስ አልጠበቀችም። የአዝራሩን ሳጥን መሬት አስቀምጣ ተነሳች።

«ያንን የክር ሳጥን ወዲህ በሉልኝ። ባዶውን የእንጨቱን።»

«ምን ሊያደርግልሽ?» አለ አለቅየው።

«ልቆምበት። ክንዴ ወደ ላይ አልሄድ ካለ እኔ ልሂድ።»

«ኧረ ትወድቂያለሽ።»

«ብወድቅ ታነሳኛለህ፤ ለዚህ አይደል አለቃ የሆንከው።»

ራዲዮ ሳጥኑን ጎትታ ደፍታ አቀረበችላት። እትዬ መቀስ ወጣች። ሁልጊዜ ከራሷ በላይ የነበረው ምስማር ደረቷ ትክክል ሆነ። መቀሱን አነሳችው። ከምታስታውሰው ይልቅ ከብዷታል፤ መያዣው ግን ያው ነው፣ የአውራ ጣቷን ልክ ያውቃል።

ወርዳ ልጅቷን ለካች፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ሜትሩን ስታዞር ፊት ለፊት ተቀራረቡና ልጅቷ የእትዬ መቀስ ሸሚዝ በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ መሆኑን አየች። እትዬ መቀስም ማየቷን አየች። እስከዛሬ ሰው ሲያያት ሻርፗን ወደዚያ ጎን ትስብ ነበር፤ አሁን ሻርፗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

ጨርቁን ዘርግታ፣ አጥፋ፣ መልሳ ዘረጋች። እጅጌውን ከቀሚሱ ጎን በሚተርፈው ላይ በጠመኔ ሣለች። «እግሩ ሥር የሚታጠፈው ቁመቱን እንዳይበላብን ጫፉን በገበር እንይዘዋለን» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። አለቅየው ራሱን ነቀነቀ። ለካች። እንደገና ለካች። አሁንም ለካች።

«አስር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ ነው እንጂ መቶ ጊዜ አልተባለም» አለች ራዲዮ። ቀልዱ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች።

«መጣሁልሽ» አለቻት እትዬ መቀስ፣ መልሳም ሳጥኑ ላይ ወጥታ መቀሱን ከፈተች።

መኪናዎቹ ሁሉ ቆመው ስለነበር ጨርቁ ሲቆረጥ ይሰማ ነበር። ብብቷ ሥር ጠባሳው እንደ ጠበቀ ክር ያዛት፤ ረጋ ብላ፣ በሳጥኗ ላይ ከወገቧ ዘንበል እያለች ቆረጠች። ወገቡን አልፋ ቀሚሱ ወደ ታች እየሰፋ ወደሚሄድበት ስትደርስ ብናኙ ተነሳ። አፍንጫዋን በላት። መቀሱን ለቀቀችና ፊቷን አዙራ አነጠሰች፤ ቤቱን የሚያናውጥ ነበር።

ራዲዮ አፏን በእጇ ያዘች። አለቅየው ኮርኒሱን አየ።

የቤቱን ሕግ የማታውቀው ልጅ ግን ጨርቁን በአንድ ጫፍ እንደያዘች «ይማርዎት» አለች።

ቃሉ እንደ ድሮው ቀላል ነበር፤ ሕመምም ሞትም አልነበረበትም፤ የሚጠብቀው መልሱን ብቻ ነው። እትዬ መቀስ የእናቷን ዓይን ከያዘችው ልጅ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ያኑርሽ» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። «ያኑርሽ፣ ልጄ። ለእኔም ለእናትሽም ያኑርሽ።»

ወደ ጨርቁ ዞረች። መስመሩ አልተሳተም። እስከ ጫፉ ቆረጠችው።

ያኔ ራዲዮ አነጠሰች። ደገመች። ስታፍን የከረመችውን ሁሉ በአንዴ ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት፣ አለቅየው ሳይቀር። «ይማርሽ» «ያኑርሽ» «ይማርህ» «ያኑራችሁ» እየተባባሉ ቤቱ ገበያ መሰለ። ልጅቷ ምን እንደነካቸው አልገባትም፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ማምሻውን፣ ልጅቷ ለልክ ሐሙስ ልትመለስ ተቀጥራ ከሄደች በኋላ፣ አለቅየው የአዝራሩን ሳጥን አንስቶ መጣ።

«ይሄንን ነገ ትጨርሺዋለሽ?»

«ለራዲዮ ስጣት። አዝራር እየተከሉ ማውራት ይቻላል።»

አለቅየው ሳጥኑን ወስዶ የራዲዮ መኪና ላይ አስቀመጠው። ራዲዮ ለወጉ ያህል አጉረመረመችና ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ደረሰች።

«በይ ደህና እደሪ፣ እትዬዋ። እግዜር ይማርሽ።»

«አላነጠስኩም እኮ» አለች እትዬ መቀስ።

ራዲዮ ነገሩ እስኪገባት በሩን እንደያዘች ቆመች።

«እንኳን ማረሽ» አለች በመጨረሻ።

«አሜን።»

እትዬ መቀስ መቀሱን ጠረገችው። ወደ ምስማሩ አልመለሰችውም፤ ጠረጴዛው ላይ፣ በቀኝ እጇ በኩል አኖረችው። የእንጨቱን ሳጥን ደግሞ ማንም እንዳያነሳው በእግሯ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ሥር፣ ነገ ጠዋት የምትቆምበት ቦታ ላይ አስገባችው።