የተሳሳተው ፊት

አኩባ የሰላዩን ፊት ለማጥፋት ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክራ ስታነሳ እናቷ አራባ እጇን ያዘቻት።

"ቆዪ ልጄ። አንዴ ቆዪ።"

በተሰፉ ሁለት የዱቄት ጆንያዎች ላይ የተሣለ የፊልም ማስታወቂያ የግቢው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሽጉጥ የያዘ ሰላይ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ የሚቃጠል ጀልባ። የሣለው የአኩባ አባት ኮቢና ነው፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የሴኮንዲ ከተማው ሲኒማ ቤት ሊዘጋ ስለሆነ ባለቤቱ ለመሰናበቻ ያንኑ ፊልም ቅዳሜ ያሳያል። አኩባን ፊቱን አስተካክላ እንድታመጣ ነግሯታል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ፊቱ የሌላ ሰው ነው። ፊልሙ መጀመሪያ የታየው አኩባ ሳትወለድ ነው፤ ያኔ ሠዓሊዎች ፊልሙን ሳያዩ በወሬ ብቻ ነበር የሚሥሉት። ኮቢናም ከተማው የሚወደውን የድሮውን ተዋናይ ሣለ። ፊልሙ ሲጀመር ግን ማንም የማያውቀው አዲስ ሰው ብቅ አለ። ይባስ ብሎ ሽጉጡን ጥሎ ለሴትየዋ አለቀሰ። ሰዉ፣ የሚያለቅስ ሰላይ ምን ይሠራል እያለ ጥሎ ወጣ። አራባ ግን እንባዋን እየጠረገች እስከ መጨረሻው አየችው። መብራት ሲበራ ጣቶቹን ቀለም የነካው አንድ ወጣት የሰዉን ቁጣ ፈርቶ ከኋላ ወንበር ሥር ተደብቆ አገኘች።

"ሠዓሊው አንተ ነህ?"

"ነኝ ካልኩሽ ትደበድቢኛለሽ?"

በባሕሩ ዳር አድርገው፣ ስለዚያ ሰው እንባ እያወሩ ቤቷ ድረስ ሸኛት።

"አባትሽ ባይሳሳት አንቺም አትኖሪም ነበር" አለች አራባ።

"እማ፣ የሚሳቀው በኔ ነው። የአባቷ ልጅ ይሉኝና ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠኝ የለም።"

አራባ ይህንንም ታውቃለች። ሰሞኑን እህል አልወርድ ያላት በዚሁ ሐሳብ ነው። ወደ ቤት ገባች፤ ስትመለስ ከራሷ አልጋ የገፈፈችውን ነጭ አንሶላ ይዛ ነበር።

"ፊልሙ ውስጥ ያለውን ሰውዬ እዚህ ላይ ሣዪው። ሲያለቅስ ሣዪው፤ መልኩን እኔ እነግርሻለሁ።"

"የአባዬስ?"

"የሱን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ፣ ያንቺን ውስጥ ስቀይ። እንደኛ ጊዜ መጀመሪያ ይሸወዱ።"

አኩባ ሳቋ አመለጣት። የነጩን ቀለም ክዳን ገጠመችና የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዘች።

"በይ ወጥረሽ ያዢልኝ" አለቻት።