የቅዳሜው ሽቦ

ላንስ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያልለካውን ሽቦ። አርባ አንድ ዓመት በየማዕድን ጉድጓዱ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሲሠራ፣ «ጠፍቷል፣ ግባ» ያለውን አለቃ አምኖ እጁን የሰደደበት ቀን የለም። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ከኪሱ ያወጣል፣ ይለካል፣ ደግሞ ይለካል። የሥራ ጓደኞቹ «ላንስ ሚስቱንም ሳይለካ አይስማትም» እያሉ ይስቁበት ነበር። ከሳቁት አንዱ ዛሬ በግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም።

አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጡረታ ወጥቶ ዋያላ በምትባል የባሕረ ሰላጤ ዳር ከተማ ይኖራል። የሚፈራው ነገር ደግሞ በቴስተር አይለካም። ሃምሳ ሦስት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ኖሊን እንዳትረሳው ይፈራል። መነጽሯን የት እንዳስቀመጠች ብትረሳ ግድ የለውም፤ እሱም ይረሳል። የሚፈራው፣ አንድ ቀን ጠዋት ዓይኗን ገልጣ፣ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» እንዳትለው ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን፣ ሱፐርማርኬት ሄደው፣ ኖሊን ላንስን በአገጯ እያመለከተች ለገንዘብ ተቀባይዋ «እኚህ ሰውዬ እንዴት ደግ መሰሉሽ! ዕቃዬን ይዘውልኝ ነው የመጡት» አለቻት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ላንስም አብሮ ሳቀ። መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን ቁልፉን ማስገባት አቃተው። መንገድ ላይ ኖሊን «ላንስ፣ ወተቱን ረሳን እኮ» ስትለው፣ በስሙ ስለጠራችው ብቻ እንባው መጣ።

አዴሌድ ከተማ ስለሚካሄድ አንድ ጥናት የነገራቸው ሐኪሟ ነው። ቢላ የለው፣ መርፌ የለው። ቀበቶ መሳይ ነገር ጭንቅላት ላይ ይታሰራል፣ ሁለት እርጥብ ስፖንጆች ይደረጉበታል፣ ከዚያ ደካማ ኤሌክትሪክ ለሃያ ደቂቃ ያልፍባቸዋል። በዚያን ጊዜ ኖሊን የሰው ፎቶና ስም እያዛመደች ታጠናለች፤ ላንስ አጠገቧ ተቀምጦ ፎቶውን ያገላብጥላታል። የአረጋውያን ትዝታ በዚህ ይበረታ እንደሆነ ነው የሚጠናው። ዕቃው በፖስታ መጣላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየጠዋቱ፣ ታምሲን የምትባል ነርስ ከአዴሌድ በታብሌት ብቅ ትላለች፣ የኖሊንን ግንባር ታያለች፣ አስተሳሰሩን ታርማለች፣ «ስፖንጁ በደንብ ይርጠብ» ብላ ትጨቀጭቃለች፣ ከዚያ «በሉ ጀምሩ» ትላለች።

ታምሲን በመጀመሪያው ቀን ምንም አልደበቀቻቸውም። «ገሚሱ ሰው እውነተኛውን ያገኛል። ገሚሱን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነዘር ያደርገውና ይጠፋል። ማን የቱን እንዳገኘ እኔም አላውቅም። እናንተም ለማወቅ እንዳትሞክሩ፤ ካወቃችሁ ጥናቱ ተበላሸ ማለት ነው።» ወረቀቱ ስድስት ገጽ ነበር። ላንስ አራተኛው ላይ ሲደርስ ሰለቸውና ወደ መጨረሻው ገልጦ ፈረመ። ሽቦ ሳይለካ የማይነካው ሰውዬ ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል። ደግሞም እጁ ፈረመ እንጂ ልቡ አልፈረመም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መልካም ነበሩ። ኖሊን የእህቷን ልጅ ሠርግ ከነዝናቡ አስታወሰች። ላንስ የጣለውን የጋራዥ ቁልፍ እሷ አገኘችው። ጎረቤታቸው ኬቭ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባው፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ አፌዘበት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ተጠንቀቅ! እንዲህ ቻርጅ ካደረገች በሰማንያ አንዱ የገና በዓል አክስቷን የተሳደብከውን ታወጣብሃለች።»

«አውጥታዋለች» አለ ላንስ።

«መቼ?»

«ትናንት። እስካሁን አልታረቅንም።»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን፣ ኖሊን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የፕላስቲክ ውሃ ማፍያ ጋዝ ምድጃው ላይ ጣደችውና እሳት ለኮሰችበት። ላንስ ሽታው ጠርቶት እየሮጠ ሲመጣ፣ ጥቁሩን ጭስ ቆማ ታየዋለች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ እንኳ አልነበረም። እሳቱን አጠፋ፣ መስኮት ከፈተ። «ሻይ ትጠጣለህ?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሲበላም ሲተኛም አልለቀቀውም።

በማግስቱ ታምሲን «በሉ ጀምሩ» ብላ ከታብሌቱ እንደወጣች ቴስተሩን አመጣ። የራሱ ቤት ውስጥ እንደ ሌባ መጋረጃ ዘጋ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለች ኖሊን።

«ምንም። ሽቦው ላልቶ እንዳይሆን ላየው ነው።»

ቴስተሩን ከቀበቶው ሽቦ ጋር ሲያገናኘው ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ትንሽ ቆመ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወርዶ ዜሮ ሆነ። ላንስ የቀሩትን ደቂቃዎች ሁሉ ዜሮው ላይ አፍጥጦ ጨረሳቸው። ሐሙስም ለካ፤ ዜሮ። ለካ ሚስቱ እየጠፋች እነሱ በባዶ ሽቦ ሲያስሯት ከርመዋል!

ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ኤሌክትሪኩ ከሌለ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ኖሊንን የረዳት ምን ነበር? በየጠዋቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በፎቶዎቹ እየሳቁ ማውራታቸው ይሆን? ላንስ ግን ኤሌክትሪሺያን ነው። እሱ ያየው የሞተ ሽቦ ነው፤ የሞተ ሽቦ ደግሞ ይቀጠላል። ለታምሲን ደውሎ እንዳይጠይቅ፣ መለካቱን ካወቁ ያስወጡናል ብሎ ፈራ።

ዓርብ የጠዋቱ ልምምድ ካለቀ በኋላ ጓሮ ካለችው የሥራ ክፍሉ ሳይወጣ ዋለ። ከባትሪ ድንጋይና በየመሳቢያው ከለቃቀመው ቅራቅምቦ የራሱን ዕቃ ሠራ። በመጀመሪያ የራሱ ግንባር ላይ ሞከረው። ገና እንዳበራው ዓይኑ ውስጥ ነጭ ብርሃን ብልጭ አለ፣ አፉን ብረት ብረት አለው። ነቅሎ ጣለውና ልቡ እስኪረጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እኔን ካልገደለኝ እሷንም አይገድላትም» አለ። ይህን የሚለው ያ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይለካ ያልነካ ሰው ነው። ፍርሃት አዋቂውን ያጃጅላል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኖሊን ቬጅማይት የሚባል ጨዋማ ማባያ የተቀባ ዳቦዋን በልታ ስትጨርስ፣ ሬዲዮው ስለ ከሰዓቱ ግጥሚያ ሲለፈልፍ፣ የሠራውን ዕቃ የቀጠለበትን ቀበቶ ይዞ መጣ።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?»

«ታምሲን ናት አንድ ቀን ጨምሩ ያለችው።»

«ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረችኝም?»

«ረስታ ይሆናላ። ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሃያ ደቂቃ ናት።»

ትንሽ አየችውና ግንባሯን ሰጠችው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ያመነችው ሰው ነው፤ ምን ብላ ትጠርጥረው?

ውሃው ዓይኗ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ብሎ ስፖንጆቹን አጥብቆ ጨምቋቸው ነበር። ታምሲን በየጠዋቱ የምትጨቀጭቀው የደረቀ ስፖንጅ ቆዳ ስለሚያቃጥል መሆኑን ልብ ብሎ አያውቅም። አምስት ደቂቃ እንዳለፈ ኖሊን ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ላንስ፣ ይለበልበኛል።»

«እየሠራ ስለሆነ ነው።»

«ኧረ ያቃጥላል!»

«ትንሽ ቻይው፣ ኖሊዬ።»

እጁ ወደ ሽቦው ይሄድና ይመለሳል። ላቁመው ሲል ያ ጥቁር ጭስ ይመጣበታል፤ «እኚህ ሰውዬ» ያለችው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ከማቆም ይልቅ መቀጠል ቀለለው።

«አውጣልኝ አልኩህ እኮ!»

«አራት ደቂቃ ብቻ ቀረ» አለ፣ ሰዓቱን እያየ።

ኖሊን የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። አልጮኸችም። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም፤ እሱ ግን የራሱን ከሰዓቱ ላይ አላነሣም። አራቱን ደቂቃ ሞላ።

ቀበቶውን ሲያወልቀው ግንባሯ ላይ የአምስት ሳንቲም ስፋት ያላት ቀይ ክብ ወጥታለች፤ መሃሏ ውሃ ቋጥሯል። ቅባት ቀባት፣ ፀጉሯን ወደፊት አበጥሮ ሸፈነላት፣ ያን የሠራውን ዕቃ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

እሑድ ኖሊን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ አየችውና መለሰችው። ላንስ፣ ረስታዋለች አለና እፎይ አለ። ወዲያው በራሱ አፈረ። መርሳቷን እንደ ሞት ሲፈራ የከረመ ሰው መርሳቷ ደስ አሰኘው።

ሰኞ ጠዋት ታምሲን ታብሌቱ ላይ ብቅ አለች።

«እንዴት አደራችሁ? ኖሊን፣ ፀጉርዎን ገለጥ ያድርጉልኝ እስቲ።»

ኖሊን ገለጠችው። ታምሲን ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠጋች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኩሽና ሳጥን በር ነው የመታት» አለ ላንስ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅኩት፣ ላንስ።»

«ቅዳሜ ነው» አለች ኖሊን፤ ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «ቁርስ በልተን ስንጨርስ። ሬዲዮው ስለ ኳስ ያወራል። አረንጓዴ ሹራቡን ለብሷል። ቢጫ ሽቦ ያለው ሌላ ዕቃ አመጣና አንቺ እንዳዘዝሽ ነገረኝ። ይለበልበኛል አልኩት። ያቃጥላል አልኩት። አውጣልኝ አልኩት። አራት ደቂቃ ቀረ አለኝ።»

በዓመት ውስጥ አንድን ነገር እንዲህ አንድም ሳትስት ተናግራ አታውቅም። ላንስ ወንበሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ። አንድ ጠዋት ሙሉውን፣ ከነሹራቡ ቀለም፣ ይዛለች፤ የያዘችው ግን ይሄንን ነው።

«ላንስ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው» አለች ታምሲን። «ጉዳዩን ለኃላፊዎቼ ማሳወቅ አለብኝ። ጥናቱም ለእናንተ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሌላ ኤሌክትሪክ ያለፈበትን ሰው ጥናቱ ውስጥ ልናቆይ አንችልም።»

«ባዶ እኮ ነው የላካችሁልን! ለክቼዋለሁ! ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ስትጠፋ ልያት?»

ታምሲን ስትናገር የተቆጣች አትመስልም፤ ለላንስ ቁጣው ይሻለው ነበር። «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ባዶ የነበራቸው ሁሉ እውነተኛውን ያገኙ ነበር። የፈረሙት ወረቀት ላይ፣ አምስተኛው ገጽ፣ አለ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ላንስ ግን የሚለቅመውም አልቀረለትም። ታብሌቱ ጨለመ።

«እንዳትረሺኝ ብዬ ነው» አለ። «ኖሊዬ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «ማን እንደሆንክ ጠፍቶኝ እንዳይመስልህ። ላንስ ነህ። ባሌ ነህ። አውጣልኝ ስልህ ሰዓት ያየኸው አንተ ነህ።»

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት ቁስሉን ሊቀባላት የቅባቱን ቱቦ ከመደርደሪያው አንሥቶ ቀረባት። ኖሊን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ግንባሯን በሁለት መዳፏ ሸፈነች።

«መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ።»

ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋላት።

«ገልብጣቸው» አለችው።

ገለበጣቸው።

«እጅጌህንም ሰብስብ።»

የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ፣ እሷም በጣቶቹ መካከል ሽቦ አለመኖሩን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።